ለሌለ ሰው የተከፈለ አልጋ

ባሌ ዊልፍሬዶ ደግ ሰው ነው፤ እጁ አይሰስትም፣ ቢቆጣም ቶሎ ይበርድለታል። አክስቶቹን ለይቶ ማወቅ ግን አልሆነለትም። እርግጥ የአቪሌስ ቤተሰብ አክስት ተቆጥሮ አያልቅም። ሳሊናስ ያሉ አሉ፣ ፖንሴ ያሉ አሉ፣ ኒው ዮርክ ሄደው ፀጉራቸውን ወርቃማ ያስቀቡ አሉ። በጋብቻ የገባሁት እኔ እንኳን ሁሉንም ከነባሎቻቸው አውቃቸዋለሁ። እሱ ግን ነጭ ፀጉርና የእጅ ቦርሳ ካየ ጎንበስ ብሎ ይስማል። «ዝም ብዬ ባልፋትና እውነትም አክስቴ ብትሆንስ?» ይለኛል። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ጠባዩ ነው።

ቤተሰቡ ተሰብስቦ እዚሁ ፖርቶ ሪኮ፣ ከሳን ሁዋን በሚነሳ ርካሽ የመዝናኛ መርከብ ለአንድ ሳምንት ተሳፍረን ነበር። ርካሽ ስል የምሬን ነው፤ ምንጣፉ ያለቀ፣ ሊፍቱ የሚያቃስት፣ ከውሃና ስኳር ከበዛበት ጭማቂ በቀር የሚጠጣው ሁሉ ለብቻው የሚያስከፍል። ፎቶ አንሺው በየጥጉ አድፍጦ «ፈገግ በሉ!» ይልና፣ ሲመሽ ያንኑ ፈገግታችሁን መልሶ ሊሸጥላችሁ ይመጣል። እኛ ግን ምን ገዶን! ሕፃን ሽማግሌው «አቪሌሶች በባሕር ላይ» የሚል ቢጫ ካናቴራ ለብሶ፣ መርከቡን የሰርግ ቤት አስመስለነው ነበር።

በተሳፈርን በማግስቱ ነው። ሊፍቱ ውስጥ ታጭቀን ወደ ምግብ አዳራሹ ስንወጣ፣ ጥግ ላይ አንዲት አጠር ያሉ ሴትዮ ቆመዋል፤ ነጭ ፀጉር፣ የእጅ ቦርሳ፣ ይባስ ብሎ ቢጫ ሸሚዝ። ዊልፍሬዶ ምን ሊያድነው! ጎንበስ አለና ጉንጫቸውን ስሞ «ይባርኩኝ ቲቲ!» አላቸው። ቲቲ አክስትን የምናቆላምጥበት ነው።

ሴትዮዋ ፊቱን እንኳን ሳያዩ «እግዚአብሔር ይባርክህ ልጄ፤ ከክፉ ይጠብቅህ» አሉ።

እኛ አገር «ይባርኩኝ» ተብሎ ዝም የሚል ትልቅ ሰው የለም። ልጅ ስልክ ሲያነሳም፣ ከቤት ሲወጣም፣ ሲገባም መጀመሪያ የሚጠይቀው ምርቃት ነው፤ ያልጠየቀ እንደሆነ ተጣልቷል ማለት ነው። አሮጊት ደግሞ በእንቅልፍ ልቧም ትመርቃለች። ሌባ መስኮት ሰብሮ ሲገባ «ይባርኩኝ» ቢላት፣ መጀመሪያ ባርካው ነው «ሌባ!» ብላ የምትጮኸው።

«የት ጠፍተው ነው? አያቴ ዶኛ ብላሲና ሲፈልጉዎት ነበር» አላቸው ዊልፍሬዶ። ይህን ለሁሉም አክስት ይለዋል።

«እኔን?»

«እርስዎን ነዋ! ይምጡ እንጂ፣ ሩዙ ሳያልቅ።»

ክንዳቸውን ይዞ ወሰዳቸው፤ እሳቸውም ሄዱ። በኋላ ለምን ዝም ብለው እንደሄዱ ስጠይቃቸው፣ «ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ ሰው የነካኝ ያኔ ነው። ፈታሿ ብቻ ናት ቦርሳዬን የነካችው» አሉኝ።

ስማቸው ፕሮቪደንሲያ ሬንታስ ነው፤ ሰው የሚጠራቸው በአክብሮት ዶኛ ፕሮቪ እያለ ነው። የኮአሞ ሰው ናቸው። ኮአሞና የኛ ሳሊናስ ጎረቤታሞች ናቸው፤ መኪና ላይ የከፈትከው ዘፈን ሳይሰለችህ ትደርሳለህ። ዶኛ ፕሮቪ ጉልበታቸውን የጨረሱት የጡት መያዣ ፋብሪካ ውስጥ ሲሰፉ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ የስፌት መኪናቸውን ሳሎን አስገብተው የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ሰፉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ግሪሴል ናት፤ እሷም ባሕር ማዶ፣ ኦርላንዶ ከተማ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች።

ያ ክፉ አውሎ ነፋስ ደሴታችንን የመታ ጊዜ፣ ኮአሞ ወራት ሙሉ ያለ መብራት ከረመች። ስልክም ተቋረጠ። ግሪሴል እናቷ ትኑር ትሙት ሳታውቅ ስንት ቀን እንዳለቀሰች እሷና ትራሷ ያውቃሉ። በመጨረሻ የሰው ሰው ተልኮ ሲሄድ፣ ዶኛ ፕሮቪ ጓሯቸው በወደቀው የማንጎ ዛፍ ላይ ልብስ ሲያሰጡ ተገኙ። እናትየው ይህን ሲያወሩት ይስቃሉ። ልጅቷ ግን እስከ ዛሬ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር ነገሯ አንድ ነው፦ «ማሚ፣ ቤቱን እንሽጠውና ነይ። ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?»

ጥያቄው ክፉ አይደለም። እኔም እናት ብትኖረኝ እጠይቃታለሁ። ግን ዶኛ ፕሮቪን ከዚያ ቤት ማውጣት ማለት ተክልን አበባውን ይዞ እንደመንቀል ነው። ግሪሴል ቤቱን የሚገዛ ሰው ካገኘች በኋላ አሮጊቷ መውጫ አጡ። ታዲያ አንድ ቀን የርካሹን መርከብ ማስታወቂያ አዩና ስልክ አነሱ።

«ስሚ፣ አንድ ሳምንት ብቻዬን በመርከብ እሄዳለሁ። ማንም ሳይደግፈኝ ሄጄ ከተመለስኩ፣ የኦርላንዶን ነገር ሁለተኛ አታነሺብኝም።»

«አንቺ? ፖንሴ ለመሄድ ጎረቤት የምታስከትይው?»

«እኔ።»

«ካልቻልሽስ?»

«ካልቻልኩ ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ። ትንፍሽ አልልም።»

«ብቻሽን ማለት ብቻሽን ነው ማሚ! የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ፣ የጎረቤት ልጅ ምናምን የለም።»

«ብቻዬን አልኩሽ እኮ።»

ግሪሴል ሳቀች፤ እናቷ ሳምንቱ ሳይጋመስ አልቅሳ እንደምትደውል እርግጠኛ ነበረች። ገዢውንም ትንሽ ታገሰን ብላ አቆየችው።

ብቻውን የሚጓዝ ሰው ርካሽ መርከብ ላይ ምን እንደሚጠብቀው ዶኛ ፕሮቪ ያወቁት ገና ቲኬት ሲቆርጡ ነው። ክፍሉ የሁለት ሰው ስለሆነ ለሁለት ሰው ይክፈሉ ተባሉ። «ሁለተኛው ማነው?» አሏት ቲኬት ቆራጯን። «ማንም የለም። አልጋው ግን አለ» አለቻቸው። ለሌለ ሰው አልጋ መክፈል አንጀታቸውን ቢያሳርረውም ከፈሉ። ክፍሉም ሞተሩ አናት ላይ ያለ፣ መስኮት የሌለው፣ መንጋት መምሸቱ በሰዓት ብቻ የሚታወቅበት ነበር። ዶኛ ፕሮቪ ታዲያ ባዶው አልጋ ላይ ቦርሳቸውን አስተኙት። ትራስ አደረጉለት፤ በኋላም አንሶላ አለበሱት። «ከፍዬበታለሁ እኮ! እንደ ሰው ይተኛ» አሉ።

እራት ላይ ደግሞ ብቻውን የመጣ ሰው ከማያውቀው ጋር ይቀላቀላል። እሳቸው የደረሳቸው ከኒው ጀርሲ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ እርስ በርስ እንኳን አይነጋገሩም። «እኔ ለራሴ ሳዝን ነበር። እነሱን ሳይ ተውኩት» አሉኝ። የመንሳፈፊያ ጃኬት አለባበስ ልምምድ ላይ ሰው ሁሉ ባልና ሚስት እየሆነ አንዱ የአንዱን ማሰሪያ ሲያስር፣ እሳቸው ጃኬቱን አገላብጠው እንደ ጡት መያዣ መረመሩትና «ስፌቱ ደህና ነው» ብለው ለራሳቸው አሰሩ።

እንግዲህ ዊልፍሬዶ ሊፍት ውስጥ የሳማቸው እኚህን ሴት ነው።

እኛ ጋ ሲቀመጡ ማን መሆናቸውን የጠየቀ የለም። አክስትን «ማን ነሽ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የሳሊናሶቹ የኒው ዮርክ ናት አሉ፣ የኒው ዮርኮቹ የፖንሴ ናት አሉ። ከየት ነዎት ሲባሉ እውነቱን «ከኮአሞ» ብለው ነበር፤ «አሃ፣ የኮአሞዎቹ!» ተባለና አለቀ። የኮአሞ አቪሌሶች የሚባሉ እውነትም አሉ፤ ከኛ ጋር ተኳርፈው ሳይመጡ የቀሩ። «እኔ እኮ...» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ አንዱ ሩዝ ያቀርብላቸዋል፣ አንዱ «ይባርኩኝ ቲቲ» ብሎ ይስማቸዋል። መባረክ እንጂ ማስረዳት የሚችሉበት ክፍተት አላገኙም።

ቢሆንም ቃላቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ቀን ቀን ይሸሹን ነበር። ቁርስ ብቻቸውን ይበላሉ። ሴንት ኪትስ ወደብ ላይ «ከኛ ጋር በቫን እንሂድ» ስንላቸው «አይ፣ እግሬን ላፍታታ» ብለው ሄዱ፤ በኋላ በሕዝብ ሚኒባስ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ቋንቋቸውን ከማያውቅ ሾፌር ጋር እየተሳሳቁ ሲያልፉ አየናቸው። ባርቤዶስ ላይ የዓሣ ሻጯን ዋጋ በእጃቸው ብቻ ተከራክረው አሸነፉ። ማታ ሲሆን ግን ከአሮጊቷ ከዶኛ ብላሲና ጎን ይገኛሉ።

ዶኛ ብላሲና የባሌ አያት ናቸው፤ በዊልቸር የሚሄዱ፣ ምላሳቸው ስለት የሆነ ሴት። የመርከቡን ሩዝ በሹካ እየገለበጡ፣ «ይሄን የቀቀለው ሰው እናት የለውም» ይላሉ።

«እናት አለችው፣ ድስት ነው የሌለው። ሥሩ ላይ ያልያዘ ሩዝ ምኑ ሩዝ ነው?» ይላሉ ዶኛ ፕሮቪ።

«አንቺ ከማን ተማርሽ? ያንቺም እኮ ይቃጠላል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«የሚያወሩብኝ በልተው የጨረሱ ናቸው።»

ሁለቱ እንደ ልጃገረድ ይንከተከቱ ነበር። ዶኛ ብላሲና እንዲያ ሲስቁ ካየሁ ስንት ጊዜዬ! የመጨረሻዋ እህታቸው ከሞቱ ወዲህ ከወጣት ጋር ነው የሚውሉት፤ ወጣት ደግሞ ስልኩን ነው የሚያየው።

ነገር የመጣው በቢጫው ካናቴራ ነው። ትርፍ አልጠፋምና ዶኛ ፕሮቪንም አለበስናቸው፤ ሁላችንም ደረጃው ላይ ተደርድረን ፎቶ ተነሳን። አንዱ የኒው ዮርክ ጎረምሳ ወደብ ስንደርስ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ደግሞ የማይተዋወቅ ሰው የለም። ፎቶው ከሰው ሰው ዞሮ ኦርላንዶ ገባ። በሚቀጥለው ወደብ ዶኛ ፕሮቪ ስልካቸውን ሲከፍቱ የልጃቸው መልእክት ጠበቃቸው፦ «እነዚህ ሁሉ ሰዎች እነማን ናቸው? ብቻዬን ብለሽ አልነበር? ሳን ሁዋን ወደቡ ላይ እጠብቅሻለሁ። ሻንጣሽን እንዳትፈቺ፣ ከዚያው ወደ ኤርፖርት ነን።»

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ሁሉም በሚዘንጥበት በመጨረሻው እራት ቀን ክፍሌ ፀጉር ቤት ሆኖ ነበር፤ አክስት ሲወጣ አክስት ይገባል። የዶኛ ፕሮቪ ተራ ደርሶ ቢጉዲ ስጠቀልል እጄ ቆመ። አቪሌሶች ሴት ወንዱ አናታቸው ላይ ሁለት ሽክርክሪት አላቸው፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። ስንቱን ረግሜ አበጥሬዋለሁ! የእሳቸው አናት ላይ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው።

«ዶኛ ፕሮቪ፣ ለመሆኑ እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?» አልኳቸው።

እሳቸውም በመስታወቱ አዩኝና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ቢጉዲው እንደተጠቀለለ ሁሉንም ነገሩኝ፦ ልጅቷን፣ ቤቱን፣ ቃሉን፣ ቦርሳ የተኛበትን አልጋ። ከዚያም ስልኩን አሳዩኝ።

«አሁን አንቺ ፍረጂ ኔሬይዳ። ብቻዬን ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

«እርስዎ ፈልገው አልመጡም። ያ ደንቆሮ ባሌ ነው የጎተተዎት» አልኳቸው።

«ጎትቶኝ ነበር። በነጋታው ግን በራሴ እግር ነው የመጣሁት።» አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ተሸንፌያለሁ። ከመሸነፌ በፊት ግን እውነቱን ለአማቶችሽ እነግራለሁ። ስንቱን ልጅ ባርኬ ከመርከቡ በውሸት አልወርድም።»

እራት ላይ በቤተሰባችን ደንብ ትልቋ ሴት ሁሉንም ትመርቃለች። ዶኛ ብላሲና ዊልቸራቸውን ወደ ዶኛ ፕሮቪ አስጠጉና «ዛሬ ድምፄ ደክሟል፤ አንቺ ባርኪልኝ» አሉ።

ዶኛ ፕሮቪ ቆሙ፤ ለራሳቸው በሰፉት ሰማያዊ ቀሚስ አምረዋል። «መባረክ አልችልም። እኔ አክስታችሁ አይደለሁም። አቪሌስም አይደለሁም። ሊፍት ውስጥ ይባርኩኝ ተባልኩና ባረክሁ፣ ከዚያ መናገር አቃተኝ። ይቅር በሉኝ» አሉ።

ዊልፍሬዶ ሹካውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። የኒው ዮርኮቹ የፖንሴዎቹን አዩ፣ የፖንሴዎቹ እኛን አዩ።

«ተቀመጪ አንቺ ሴት፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል» አሉ ዶኛ ብላሲና። «ከሊፍቱ ከወጣሽባት ደቂቃ ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«እህቶቼን ሁሉ የቀበርኩት እኔ ነኝ! ማን እንደቀረኝ አላውቅም? ጃጅታለች ብላችሁ ነው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ልጄ ባርኪኝ አለሽ፣ ባረክሽው። ባርከሽው ሳለ አክስቱ አይደለሽም ልበልሽ? ምርቃቱን መልሺ ልበልሽ?» ዶኛ ብላሲና ማንኪያቸውን አነሱ። «ደግሞም እህት አማረኝ። ከሆነልሽ ባርኪን፤ ካልሆነ ሾርባሽን ጠጪ።»

ዶኛ ፕሮቪ ባረኩን። ረዘም አድርገው፣ የኮአሞዎቹን ኩርፈኞች እንኳን ሳይቀር ባረኩ። ያለቀስኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ዊልፍሬዶም አልቅሷል፤ ሽንኩርት ነው ቢለኝም ሾርባው ውስጥ ሽንኩርት አልነበረበትም።

በማግስቱ ጠዋት ሳን ሁዋን ደረስን። ርካሽ መርከብ ላይ ሻንጣውን ራሱ የሚያወርድ ሰው ቀድሞ ይወጣል፤ ዶኛ ፕሮቪም ሻንጣቸውን ማንም ሳያስነኩ እየጎተቱ ወጡ። ግሪሴል በሩ ላይ ቆማለች፤ የፀሐይ መነጽር፣ ስልክ በእጇ። ሳመቻቸው፤ ምርቃት ግን አልጠየቀችም። ከኋላ ስለነበርኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ምን ያህል እንደተናደደች ያኔ ገባኝ።

«ማሚ፣ ተሸነፍሽ።»

«ተሸንፌያለሁ። ቃሌ ቃል ነው፣ እመጣለሁ» አሉ ዶኛ ፕሮቪ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ክፋት እኮ አይደለም። እኔ የምለው ብቻሽን—»

«ይባርኩኝ ቲቲ ፕሮቪ!» አንዱ የፖንሴ ጎረምሳ ሻንጣውን እየገፋ መጥቶ ሳማቸው።

«እግዚአብሔር ይባርክህ ልጄ። እሺ ግሪሴል፣ ምን አልሽ?»

«ብቻሽን ስትሆኚ ብትወድቂ—»

«ይባርኩኝ ቲቲ!»

«ይባርክሽ የኔ ቆንጆ፣ በደህና ግቢ። እሺ፣ ብወድቅ?»

«ብትወድቂ ማን—»

«ይባርኩኝ ቲቲ!» መንታዎቹ ናቸው፤ ባንድ ላይ።

ቤተሰቡ በሙሉ በዚያች ጠባብ በር ይወጣል፤ ዶኛ ፕሮቪ ደግሞ አንዱንም ሳይባርኩ ማሳለፍ አይችሉም። ልጅቷ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃታት። በመጨረሻ መነጽሯን አወለቀችና ዊልፍሬዶን «ቆይ፣ አንተ ማነህ?» አለችው።

«የወንድማቸው ልጅ ነኝ» አላት ምንም ሳያፍር።

«እናቴ ወንድም የላትም!»

«አሁንም የላቸውም። እኔ ግን አለሁ። ሳሊናስ ነው ቤቴ፣ ከኮአሞ አጠገብ። የውሃ ሮቷቸው ፓምፕ ያስቸግራል ብለውኛል፣ በዚህ ሳምንት ሄጄ አየዋለሁ። ጄኔሬተርም አለኝ። ሚስቴ ደግሞ ፀጉራቸውን ትሠራለች፣ ካላመንሽ እይው።»

ግሪሴል ፀጉራቸውን አየች፤ የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ አምሮ ነበር። ከዚያ እናቷን አየች።

«ብቻዬን መኖር አልችልም» አሉ ዶኛ ፕሮቪ ቀስ ብለው። «ልክ ነሽ ልጄ፣ እሱን ተሸንፌያለሁ። ግን ብቻዬን አይደለሁም።»

የመጨረሻዋ ዶኛ ብላሲና ነበሩ። ዊልቸራቸውን አስቁመው ግሪሴልን ከእግር እስከ ራሷ ቃኟት። «ልጅሽ ይቺ ናት? እናቷን ሰላም ስትል አልሰማሁም።»

ግሪሴል ቀላች። ያን ሁሉ ቢጫ ካናቴራ አየች፣ እንደ ትንሽ ልጅ እናቷ አንገት ውስጥ ገባች። «ባርኪኝ ማሚ» አለች። «ስልክሽ አልሠራ ሲል እኮ ሞተሻል ብዬ ነበር። ሞተሻል ብዬ ነበር እኮ!»

ያንን ሁሉ ዓመት ያላለችው ይሄንን ነው። ዶኛ ፕሮቪ ጀርባዋን እያሹ የባረኳትን ምርቃት አልሰማሁም፤ ዞር አልኩላቸው።

ከዚያ ወደ ኤርፖርት የሄደ የለም። ተከታትለን ኮአሞ ገባን፣ ሥሩ ላይ የያዘ ሩዝ በላን፤ ግሪሴልም ገዢውን ደውላ አሰናበተችው። ስለ ባዶው አልጋና ስለ ቦርሳው የሰማችው ያን ቀን ማዕድ ላይ ነው። እናቷን ስታይ ብዙ ቆየች።

ወደ ኦርላንዶ በተመለሰችበት ቀን የዶኛ ፕሮቪን ፀጉር እያጠብኩ ነበር። ስልካቸው ጮኸ፤ እጄን በፎጣ ጠረግ አድርጌ እኔ ከፈትኩላቸው። ፎቶ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ለእናቷ በተቆረጠው ወንበር ላይ የግሪሴል ቦርሳ ተቀምጧል፣ ቀበቶውም ታስሮለታል። ከሥሩ «ከፍዬበታለሁ እኮ! ባርኪኝ ማሚ» ብላ ጽፋለች።

ዶኛ ፕሮቪ ሳሙናው ዓይናቸው ውስጥ እየገባ ስልኩን ባረኩት።